እሱ ያነሳታል፣ እሷ ትከፍላለች!

የዛሬው ጨዋታችን በረዶ ላይ ነውና ጃኬታችሁን ደረብ አድርጋችሁ ተከተሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጓደኛሞች አንደኛችን ቤት ተሰባስበን ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥን እናያለን። ቻናል ስንቀያይር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነጭ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ አገኘን። ወንዱ ልጅቷን በአንድ እጁ ከአናቱ በላይ አንስቷት ይሽከረከራል። እሷ ደግሞ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ፈገግ ብላለች። ከመካከላችን ያለችው ብቸኛ ሴት ሲኒዋን አስቀመጠችና፣

"ወይኔ! እንዲህ የሚያነሳኝ ወንድ ባገኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!" አለች።

ምላሰኛው ጓደኛችን ታዲያ መች ያልፋታል? "መጀመሪያ አንቺ አሥር ኪሎ ቀንሺ!" ብሎ አሳቀን። እሷም ሳቀች። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ግን ስኳር እንዳልጨመረች አየሁ።

እናንተዬ፣ ቀልዱ ቀልድ ነው። ነገር ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ፈገግ ብላ የምትበረዋ ልጅም ይህንኑ ነገር ስትሰማ ነው ያደገችው። ለእሷ ግን ቀልድ አይደለም፤ እንጀራዋ ነው። እስቲ ዛሬ ይህ ከሩቅ ሲያዩት የፍቅር ተምሳሌት የሚመስለው ስፖርት ውስጡ ምን እንደሚመስል እንይ። በጥንድ ላይ ላላችሁም፣ ጥንድ ለመሆን ለምትፈልጉም ትምህርት አያጣውም። (የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው?

ስፖርቱ ፊገር ስኬቲንግ ይባላል። ስለት በተገጠመለት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሙዚቃ የሚሠራ ጥበብ ነው። ወንድ ለብቻው፣ ሴት ለብቻዋ የሚወዳደሩበት አለ። አይስ ዳንስ የሚባል፣ ወደ ዳንስ የሚያደላ የወንድና የሴት ውድድርም አለ። የእኛ የዛሬው ጉዳይ ግን የጥንዶች ውድድር ነው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ውጤት! ከ1908ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ጀምሮ የነበረ አንጋፋ ውድድር ነው።

በዚህ ውድድር ወንዱ ሴቷን ከአናቱ በላይ ያነሳል። ወደ ላይ ወርውሯት አየር ላይ ሦስት ጊዜ ከዞረች በኋላ ወገቧን ይዞ ይቀልባታል። እየሮጡ ሳለ ይወረውራትና እሷ ሜትሮችን በርራ በአንድ እግሯ ታርፋለች። "የሞት ሽክርክሪት" የሚሉትም አለ፤ እሱ መሀል ላይ ቆሞ እጇን ይዞ ሲያዞራት እሷ ተንጋልላ ፀጉሯ በረዶውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ስሙን ያወጣው ሰው መቼም አልዋሸም።

ልብ በሉ! አንሺው ሁልጊዜ እሱ ነው። ተነሺዋ ሁልጊዜ እሷ ነች። ወርዋሪው እሱ ነው፣ ተወርዋሪዋ እሷ። በአይስ ዳንስ እንኳ አልፎ አልፎ ሴቷ ወንዱን ስታነሳ ይታያል። በጥንዶቹ ግን ሥራው ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። ደግሞም በውድድር ላይ ራስ ላይ የሚደረግ መከላከያ የለም። ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ፣ ከታች እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ በረዶ፣ መሀል ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ክንድ!

ይህ ሁሉ ሆኖ ነጥቡ ለሁለቱም እኩል ነው፣ ሜዳሊያውም እኩል ነው። ታዲያ እኩልነት ማለት ይሄ አይደል? ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝማ።

ሴት ሞልታ ወንድ ሲጠፋ

የነገሩ ሥር ያለው በረዶው ላይ ሳይሆን ከበረዶው ውጪ ነው። አሜሪካም ሆነ ካናዳ ወይም አውሮፓ ወላጆች ወደ ፊገር ስኬቲንግ የሚልኩት በብዛት ሴት ልጆቻቸውን ነው። ወንዱን ልጅ ዱላ አስይዘው ወደ በረዶ ሆኪ ይልኩታል። ፊገር ስኬቲንግ ልማር የሚል ወንድ ቢገኝ እንኳ የሰፈር ልጆች "የሴት ሥራ!" እያሉ መቀመጫ ያሳጡታል። (የእኛ ሰፈር ብቻ አይምሰላችሁ፣ ፈረንጅም ሰፈር አለው።) ያንን ሁሉ ችሎ ከቆየው ውስጥ ደግሞ ብዙው ለብቻው መወዳደር ይፈልጋል። ለጥንድ የሚሆነው ዝላይ የሚችል፣ ሰው ለማንሳት ጉልበት ያለው፣ ትከሻው የሰፋ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ወንድ እንደ ቤንዚን ወረፋ ነው፤ ለአንዱ ብዙ ሰው ይጠብቃል።

በ2022 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ለብቻቸው የሚወዳደሩ ሴቶች ቦታ 30 ነበር፤ የጥንዶቹ ግን 19 ብቻ። እዚያ ለመድረስ ያሰቡ፣ የሠለጠኑና አጣማሪ ሲጠብቁ ዕድሜያቸው ያለፈ ልጃገረዶች ደግሞ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

እንግዲህ አንድ ወንድ "አጣማሪ እፈልጋለሁ" ሲል ምን እንደሚሆን ገምቱ። ልጃገረዶቹ ከእናታቸው ጋር ከተማ አቋርጠው፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። ሙከራ ይባላል። እሱ አንዷን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ሌላዋን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ቁመቷ፣ ክብደቷ፣ ዝላይዋ፣ ጠባይዋ ይታያል። ከዚያ "እናሳውቃችኋለን" ይባላሉ። ሥራ ፍለጋ ዞራችሁ የምታውቁ ይህች ቃል ምን ያህል እንደምታንገበግብ አትጠፋችሁም።

የተመረጠችዋስ? እልል ብላ ትገባለች። ሂሳቡም አብሮ ይገባል። የበረዶ ሜዳው ኪራይ፣ የአሰልጣኙ ክፍያ፣ ልብሱ፣ ጫማው፣ ጉዞው ብዙ ገንዘብ ነው። በዚህ ስፖርት የታወቀ ነገር ቢኖር በብዙ ጥንዶች ዘንድ የሴቷ ቤተሰብ የራሷን ብቻ ሳይሆን የእሱንም ወጪ በከፊል ወይም በሙሉ መሸፈኑ ነው። አባት ለልጁ ብቻ ሳይሆን ልጁን ለሚያነሳው ጎረምሳ ጭምር ይከፍላል ማለት ነው። የምናውቀው ጥሎሽ ከወንዱ ወገን የሚመጣ ነበር፤ በረዶው ላይ ግን ተገልብጧል።

ዝምታ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው

ገንዘቡስ ምንም አይደለም። ገንዘብ ይሄዳል ይመጣል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። አንዱ ወገን ነገ ጠዋት ሌላ ማግኘት ሲችል፣ ሌላው ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመት መጠበቅ ካለበት፣ በመካከላቸው የሚነሳ ጭቅጭቅ ሁሉ ገና ሳይጀመር አልቋል።

እሱ ዘግይቶ ቢመጣ ትታገሳለች። ልምምድ ላይ ቢጮህባት ታልፈዋለች። ክንዱ ደክሞት ሁለት ጊዜ ቢጥላት "የእኔ ጥፋት ነው፣ ከብጄ ነው" ትላለች። ከዚያም እራቷን ትተዋለች። አሰልጣኙም ቢሆን ወንዱ እንዳይሄድበት ስለሚፈራ "አንቺ ቻይው" ይላታል። እናቷም ያወጣችውን ገንዘብ አስባ "ቻይው" ትላታለች። ሁሉም "ቻይው" ካላት ለማን ትናገር?

እኔ ሁሉም ወንድ ክፉ ነው አላልኩም፣ ወደፊትም አልልም። አብዛኛው ከነክብሩ የሚሠራ ነው። ነገር ግን ደህንነትሽ በአጣማሪሽ ጥሩ ጠባይ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ፣ ያ ደህንነት ሳይሆን ዕድል ነው። ዕድል ደግሞ አንድ ቀን ይዞራል።

የክብደቱን ነገር ደግሞ ልጨምር። ለአንሺ ቀላል ሰው መልካም ነው፤ ይሄ ክርክር የለውም። በ1970ዎቹ ሶቪየቶች ይህን እስከ ጫፍ ወሰዱት። ትልቅ ጎረምሳና ትንሽ ልጅ ማጣመር ጀመሩ። ከእነዚህ ጥንዶች አንዱ በ1977 አውሮፓ ሻምፒዮና ልጅቷን ወደ ላይ ወርውሮ አየር ላይ አራት ጊዜ አዙሮ ቀለባት፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፤ ልጁ ደግሞ 18። የቁመታቸው ልዩነት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ነበር። በ1980 የኦሎምፒክ ብርና የዓለም ሻምፒዮናን ወርቅ አገኙ። ከዚያስ? ልጅቷ እንደማንኛውም ልጅ አደገች፣ ቁመቷ ጨመረ፣ የሚሠሩት ሥራ ከበዳቸው፣ ጥምረቱም ብዙ አልቆየ። ማደግ ጥፋት የሚሆንበት ሥራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሕጉ ራሱ የሚናገረው ነገር አለው። ለብዙ ዓመታት በሠራው የወጣቶች ውድድር ደንብ ሴቷ 19 ዓመት ሳይሞላት፣ ወንዱ ግን 21 ሳይሞላው መወዳደር ይችሉ ነበር። ወንዱ ጡንቻ እስኪያወጣ ይጠበቅለታል፤ እሷ ግን ሳታድግ ብትቸኩል ይመረጣል እንደማለት ነው።

አገር የሚያስለውጥ ጉዳይ

ወንድ መጥፋቱ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ጃፓን ሂዱ። ጃፓን ለብቻቸው የሚወዳደሩ ድንቅ ሴቶችን ያፈራች አገር ነች። ለጥንድ የሚሆን ወንድ ግን ለረጅም ጊዜ አልነበራትም። አንዲት ጃፓናዊት ይህን አይታ ወደ ሩሲያ ሄደች። ሩሲያዊ አጣማሪ አገኘች። ችግሩ የጃፓን ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ለኦሎምፒክ ደግሞ ዜግነት ግድ ነው። ምን አደረገች? የተወለደችበትን አገር ፓስፖርት መለሰች! በ2010 ቫንኩቨር ላይ ለሩሲያ ተወዳድራ አራተኛ ወጣች። ሜዳሊያውም ቀረ፣ ፓስፖርቱም ቀረ።

ሌላዋ ጃፓናዊት በተቃራኒው ካናዳዊ ወንድ አገኘችና ለጃፓን አብረው ተወዳደሩ። በ2012 በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኙ፤ ለጃፓን በጥንድ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። ኦሎምፒክ ሲቃረብ ግን ለልጁ የጃፓን ዜግነት ማግኘት ስላልተቻለ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተለያዩ። ከዚያም ለብቻው ሲወዳደር የነበረ አንድ ጃፓናዊ ወጣት "ና ጥንድ ሁን" ተብሎ ከእሷ ጋር ተጣመረ። ማንሳትን የተማረው በሃያ ዓመቱ ነው። ይህ ልጅ ሁለት አጣማሪዎችን አሳልፎ፣ በ2019 ከሦስተኛዋ ጋር ሲጣመር ነገሩ ሰመረ። በ2023ም በ2025ም የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ወንዱ ሦስተኛ ዕድል አገኘ፤ ደስ ይላል። የመጀመሪያዋና የሁለተኛዋ ሴት ግን የዓለም ሻምፒዮን ሲባል ያዩት ከዳር ሆነው ነው።

ወደ ጀርመን ደግሞ እንሻገር። ዩክሬን ተወልዳ ለጀርመን ትወዳደር የነበረች አንዲት ሴት ከጀርመናዊ አጣማሪዋ ጋር አምስት የዓለም ሻምፒዮናና ሁለት የኦሎምፒክ ነሐስ አገኘች። ከ2014 ሶቺ በኋላ እሱ "በቃኝ" አለ። እሷ ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን አብራ ታቆም ነበር። እሷ ግን አንድ ፈረንሳዊ አገኘች። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን "እንዲሁ አልለቅም" አለ። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ቁጭ ብለው አሳለፉ። በመጨረሻ 30,000 ዩሮ ተከፍሎ ተለቀቀ። ቀጥሎ የጀርመን ዜግነት ፈተና መጣ፤ ልጁ በቋንቋው ወደቀና እንደገና ተፈተነ። ዜግነቱን ያገኘው ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሦስት ወር ሲቀረው፣ በኅዳር 2017 ነው።

በየካቲት 2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በአጭሩ ፕሮግራም ልጁ ዝላይ ተሳሳተና አራተኛ ሆኑ። በማግስቱ ወጡና በዘመኑ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነ 159.31 ነጥብ አስመዘገቡ። በድምሩ ቻይናውያኑን በ0.43 ነጥብ በልጠው ወርቁን ወሰዱ። እሷ 34 ዓመቷ፣ ኦሎምፒኳ አምስተኛዋ! ታሪኩ ያስለቅሳል። ግን ልብ በሉ፤ በዓለም አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነች ሴት ይህን ሁሉ ካየች፣ ስሟ ያልታወቀ የ16 ዓመቷ ልጅ ምን ታያለች?

ጥሏት ሲሄድ...

ትቶ መሄድ በበረዶ ላይም አለ። ታሪኩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። በ1972 ሳፖሮ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ ሶቪየታውያን ጥንዶች ነበሩ። ወንዱ ግን ልቡ ሌላ ጋ ነበር፤ በዚያው ኦሎምፒክ ብር ያገኙት ጥንዶች ሴት ጋ! አገባት፤ አብሯት ሊወዳደርም ሄደ። የቀረችው ምን ትሁን? ስፖርቱን ልትተው አስባ ሳለ አሰልጣኟ ከሌኒንግራድ አንድ ወጣት አገኘላት።

በ1973 ብራቲስላቫ ላይ አዲሱ ጥንድ ወጣ። መሀል ላይ ሙዚቃው ድርግም አለ! ሁሉም ይቆማሉ ብሎ ሲጠብቅ እነሱ ያለ ሙዚቃ ቀጠሉ። ተመልካቹ እያጨበጨበላቸው ጨረሱ፤ ወርቁንም ወሰዱ። ብሩን የወሰደው ማን መሰላችሁ? የድሮው አጣማሪዋ ከነሚስቱ! ይህች ሴት በሁለት ወንድ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅና አሥር የዓለም ሻምፒዮና ያገኘች ነች። ሦስተኛውን የኦሎምፒክ ወርቅ በ1980 ያጠለቀችው ልጅ በወለደች በዓመቷ ነው።

"በለው!" ያሰኛል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ ትልቅ መንግሥት ነበር፤ ወንድ ከሌላ ከተማ አንስቶ የሚያመጣላት። ሁሉም ሴት መንግሥት አይፈልግላትም።

የወንዱንም ወገን እንስማ

ሚዛናዊ እንሁን። ወንዱም ሸክም አለበት፤ እውነተኛ ሸክም። በጥቅምት 2004 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ አንድ ሩሲያዊ አጣማሪውን ከላይ ይዟት ሲሄድ ሚዛን ሳተና ልጅቷ በጭንቅላቷ ወደቀች። ራሷን ስታ በቃሬዛ ወጣች። እሷ ድና ልምምድ ስትጀምር መልሶ ሊያነሳት የፈራው እሱ ነበር! ፍርሃቱን ለመርታት የሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ አስፈለገው። ያም ሆኖ በ2006 ቱሪን ላይ ወርቅ አገኙ። (በነገራችን ላይ አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በዚሁ ቱሪን ነው፤ አንድ ወንድሜ ለብቻው በበረዶ ስኪ።)

ደግሞ በ1980 ሌክ ፕላሲድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት አሜሪካውያን ወንዱ ብሽሽቱን ተጎድቶ ሜዳ ገብተው ወጡ። እሷ ምንም አልሆነችም። ግን ጥንድ ነውና አብራ ቀረች። አንዱ ሲታመም ሁለቱም ይተኛሉ። ስለዚህ ወንዱ ተጠቃሚ፣ ሴቷ ተጎጂ ብሎ መደምደም ቀላል አይደለም። ሁለቱም ይጎዳሉ። ልዩነቱ ከጉዳቱ በኋላ ነው፦ እሱን ብዙዎች ይጠብቁታል፣ እሷ ብዙ ትጠብቃለች።

ይህ ነገር መፍትሔ አለው?

አለው፤ ግን ታሪኩ ረጅም ነው። በ1902 አንዲት እንግሊዛዊት ሴት እንዳትወዳደር የሚል ነገር በደንቡ አለመኖሩን አይታ ለንደን ላይ ከወንዶች ጋር በዓለም ሻምፒዮና ተወዳደረች። ስንተኛ ወጣች? ሁለተኛ! ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ምን አደረገ? ሴቶችን ከለከለ። ከሰጡት ምክንያት አንዱ ረጅሙ ቀሚስ እግሯን ስለሚሸፍን ለዳኛ አይመችም የሚል ነበር። (ቀሚሱን አሳጥሩ ማለት አልታያቸውም!) በ1906 ለሴቶች ለብቻቸው ውድድር ተጀመረ። ያቺው ሴት በ1908 ኦሎምፒክ የሴቶቹን ወርቅ፣ ከባሏ ጋር ደግሞ የጥንዱን ነሐስ ወሰደች። ደንብ ማለት ሰው የሚጽፈው ነገር ነው። ሰው የጻፈውን ሰው ያስተካክለዋል።

በቅርብ ጊዜም የተስተካከለ አለ። ኅብረቱ በ2022 ባደረገው ጉባኤ በአዋቂዎች ውድድር ዝቅተኛው ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ወስኗል። በጥንዱም ቢሆን ትንሽ ልጅ ከጎረምሳ ጋር አጣምሮ ወደ ትልቁ መድረክ መላክ ቀርቷል። በአሜሪካ በ2017 አትሌቶች በደል ሲደርስባቸው አቤት የሚሉበት ከፌዴሬሽኖቹ ነፃ የሆነ ማዕከል ተቋቁሟል። ቢያንስ "ቻይው" የማይል አንድ በር ተከፈተ ማለት ነው።

ካናዳ ደግሞ በታኅሣሥ 2022 ከሁሉም ቀደም ያለ እርምጃ ወሰደች። በአገር ውስጥ ውድድሯ ጥንድ ማለት "ወንድና ሴት" የሚለውን ትታ "ሁለት ስኬተሮች" አለች። ሴትና ሴት፣ ወንድና ወንድም ተጣምረው መወዳደር ይችላሉ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔ የማየው ግን ሒሳቡን ነው፤ ወንድ ጠፍቶ ቤቷ የቀረች ልጅ ከጎኗ ያለችዋን ቀና ብላ ማየት ትችላለች። ኦሎምፒክ ላይ ግን ሕጉ ገና አልደረሰም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካችው አንዲት ሴት ነች። በልጅነቷ ለብቻዋ ስትወዳደር ቆይታ በጉዳት ተወችው። ከ15 ዓመት በላይ ሌላ ሥራ ስትሠራ ኖረች። ከዚያ ተመለሰች፤ ያውም በጥንድ! ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ሄዳ አጣማሪ አገኘች። በ2024 ሞንትሪያል ላይ በ40 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዚህ ስፖርት ታሪክ በዚህ ዕድሜ ያሸነፈች ሴት የለችም። "ትንሽ ልጅ ካልሆነች አትነሳም" ላሉት ሁሉ መልሱ ይኸው!

እንግዲህ ለእኛስ?

ውድ አንባቢያን፣ እኛ በረዶ የለንም። ጥንድ ግን አለን። ስለዚህ ከበረዶው ላይ አንድ ሁለት ነገር ለቅመን እንውጣ።

አንደኛ፣ ከጥንዱ መሀል "ሌላ አላጣም" የሚል አንድ ሰው ካለ፣ ቃሉን ባይናገረውም ሌላው ይሰማዋል። ያን የሚል ወንድ ብቻ አይደለም፤ ሴትም አለች። እናንተ ያ ሰው ከሆናችሁ ጉልበታችሁን እወቁት፣ አትጫኑበት።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ ከመጀመሪያው ይነጋገሩበት። ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ፣ ቢለያዩስ? ጥሩ አሰልጣኝ ጥንዶቹን መጀመሪያ የሚያስቀምጣቸው በረዶው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ፍቅር በሂሳብ አይቀንስም፤ በተደበቀ ሂሳብ ግን ይሞታል።

ሦስተኛ፣ "ጣልከኝ" ማለትን የማትችል ሴት፣ "ደከመኝ" ማለትን የማይችል ወንድ ባሉበት አደጋው ቀኑን ነው የሚጠብቀው። እሱ ክንዱ መዛሉን ቢናገር አታንስበትም፤ እሷም መፍራቷን ብትናገር አትከብድበትም።

አራተኛ፣ ከእናንተ ጥንድ ውጪ የምታማክሩት ሰው ይኑራችሁ። "ቻይው" ብቻ የማይል።

ይህን ሁሉ ለዚያች ጓደኛዬ በዚህ ሳምንት አጫወትኳት። ሲኒዋን ይዛ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ?

"እሺ፤ ማንሳቱንስ ያንሳኝ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ።"

"ምን?"

"ብትጥለኝ ማን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው? ብዬ።"

ስኳርም ሁለት ማንኪያ ጨመረች። ቸር ይግጠመን!